አንድ ሺህ ሚሊሜትር

ድሬዳዋ ከዚራ፣ አሮጌው የምድር ባቡር ግቢ ውስጥ፣ ሜትር ይዞ ገብቶ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለውን ስፋት የለካ ሰው 1000 ሚሊሜትር ያገኛል። ይህ ቁጥር ሲወሰን ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ። ሐዲዱን ሐረር ድረስ ተራራ ማስወጣቱ ከባድም ውድም ስለነበር መስመሩ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ አለፈ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ እዚያ ሜዳ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። ድሬ የባቡር ልጅ ናት የሚባለው ለዚህ ነው።

ያች አንድ ሜትር ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ስትወስን ኖረች። መስመሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። በመቶ ዓመት ውስጥ ከስዊዘርላንድ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ፋብሪካዎች ሎኮሞቲቮችና የመንገደኛ ባቡሮች ተገዝተው መጥተዋል። አንዱ በእንፋሎት፣ አንዱ በናፍጣ ይሄድ ነበር፤ የአንዱ መቀመጫ እንጨት ነበር፣ የሌላው ቆዳ። የሁሉም መንኮራኩር ግን በአንድ ሜትር ልክ የተሠራ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ ጋራዥ ሠራተኛ ከዚህ ፋብሪካ የመጣውን ፉርጎ ከዚያኛው ሎኮሞቲቭ ኋላ ሲቀጥል «በሐዲዱ ላይ ይሄድ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ጥያቄው ከእሱ መወለድ በፊት ተመልሶ ነበር።

አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው አዲሱ ጣቢያ እንሂድ። በ2016 የተመረቀውና በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲድ ስፋቱ 1435 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 435 ሚሊሜትር፣ አንድ ክንድ የማይሞላ። የአሮጌው መስመር ፉርጎ ግን ያችን ክንድ የማትሞላ ልዩነት ሊሻገር አይችልም። ሁለቱ መስመሮች ቢገናኙ እንኳ ጭነቱ ከአንዱ ወርዶ በሰው ትከሻ ወይም በክሬን ወደ ሌላው መጫን አለበት። አዲሱን ስፋት የመረጡት ሰዎች ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ ለከባድ ጭነትና ለፍጥነት ሰፊው ሐዲድ የተሻለ ነው። እኔ የምፈልገው አንባቢው ይህን አንድ ነገር እንዲይዝልኝ ነው፦ በፉርጎና በፉርጎ መካከል አንድ መሆን ያለበት ነገር የሚገኘው ከሐዲዱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው። የመቀመጫው ቀለም ቢለያይ ማንም አይጎዳም።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ድረ ገጽ ነው። ዛሬ ትልልቅ ድረ ገጾች የሚሠሩት እንደ ባቡር ነው፤ ብዙ ፉርጎ በአንድ ሐዲድ ላይ። ለድሬዳዋ ነዋሪ አንድ የአገልግሎት ገጽ እንሠራለን እንበል። ነዋሪው በስልኩ አንዴ ገብቶ የውሃ ሂሳብ ይከፍላል፣ የንግድ ፈቃድ ያድሳል፣ ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቀጠሮ ይይዛል፣ የትራፊክ ቅጣቱን ያያል። ለእሱ አንድ ገጽ ነው። ከጀርባ ግን የውሃውን ክፍል የሚሠሩት ሦስት ልጆች የንግድ ፈቃዱን ከሚሠሩት አራት ጋር አንድ ቢሮ ላይቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ቡድን ማክሰኞ ሥራውን ሲያወጣ ሌላው ገና እየሞከረ ነው። ስለዚህ ገጹ በየክፍሉ ተቆርጦ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ቁራጭ ለብቻው ይሠራል፣ ለብቻው ያወጣል። ቁራጮቹ የሚገጣጠሙት በነዋሪው ብራውዘር ውስጥ ነው። ይህን አሠራር ማይክሮ ፍሮንትኤንድ ይሉታል። ስሙን በ2016 መገባደጃ ላይ ያስተዋወቀው ቶትዎርክስ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ነው፤ አሠራሩ ግን ከስሙ ቀድሞም ነበር።

እያንዳንዱ ቁራጭ ብራውዘር ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቢልድ ይደረጋል። ፕሮግራመሩ የሚጽፈው ኮድ በመቶዎች በሚቆጠሩ ፋይሎች የተበተነ፣ ለሰው ዓይን እንዲመች የተጻፈ ነው። ዌብፓክን የመሰለ መሣሪያ ይህን ሁሉ ሰብስቦ፣ አዲሱን አጻጻፍ አሮጌ ስልክ ወደሚገባው ጃቫስክሪፕት አስለውጦ፣ ትርፉን አራግፎ ጥቂት የታመቁ ፋይሎች ያወጣል። እንዴት እንደሚያደርገው የሚነገረው በአንድ የማዋቀሪያ ፋይል ነው፤ ባለሙያዎቹ ኮንፊግ ይሉታል። የትኛው ፋይል መነሻ ነው? ውጤቱ ምን ተብሎ ይሰየም? ምስል ሲገኝ ምን ይደረግ? ከውጭ የሚመጣው የትኛው ነው? ይህ ፋይል ለተጠቃሚው በፍጹም አይታይም። የፉርጎው መንኮራኩር ማለት ይህ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው በጣም በጎ ከሆነ ሐሳብ ነው። የውሃው ቡድን ኮንፊጉን በሦስት ቀን ልፋት አስተካከለ፤ ሠራ። የንግድ ፈቃዱ ቡድን ሲጀምር «ያንተን ስጠኝ» አለ፤ ኮፒ ተደርጎ ተሰጠው። ከዚያ ወሳኝ ኩነቱ ከንግድ ፈቃዱ ወሰደ። ትራፊኩ ደግሞ ከወሳኝ ኩነቱ። በመጀመሪያው ቀን አራቱም ኮንፊጎች አንድ ናቸው። በዓመቱ ግን ማንም «ልለያይ» ሳይል ተለያይተዋል። አንዱ ለአንድ ችግር ሁለት መስመር ጨመረ፤ ሌላው የሚያስፈልጉ ስላልመሰሉት ሦስት መስመር አጠፋ፤ ሦስተኛው የመሣሪያውን ቨርዥን ከፍ አደረገ፤ አራተኛውን የጻፈው ልጅ ሥራ ቀየረና ሄደ።

ይህ መለያየት መንገድ ላይ ምን እንደሚመስል በአንድ ነገር ላሳይ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ የጥያቄ ምልክትንና ነጥብን አጣብቆ የሚጻፍ አዲስ አጻጻፍ አለ፤ «ይህ ነገር ካለ ውስጡን ስጠኝ፣ ከሌለ ዝለለው» ማለት ነው። ክሮም ይህን መረዳት የጀመረው በየካቲት 2020 በወጣው 80ኛ ቨርዥን ነው። በኮንፊጉ ውስጥ ባቤል የተባለው ተርጓሚ «አሮጌ ብራውዘሮችንም አስብ» ተብሎ ከታዘዘ ያንን አጻጻፍ ወደ አሮጌው ቋንቋ ይመልሰዋል። የንግድ ፈቃዱ ቡድን ያችን ትእዛዝ የያዘችውን መስመር አንድ ቀን አጠፋት እንበል። በቡድኑ ኮምፒውተሮች ላይ ምንም ለውጥ የለም። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ግን ብራውዘሯን አድሳ የማታውቅ፣ ስልኳ የቆየ ነጋዴ የውሃ ሂሳቧን ከፍላ ወደ ንግድ ፈቃዱ ስታልፍ ገጹ ነጭ ይሆንባታል። ብራውዘሩ የማያውቀው አንድ ምልክት ላይ ሲደርስ ፋይሉን በሙሉ ይተወዋልና። የስህተት መልእክት አይታያትም፤ ባዶ ነጭ ብቻ። እሷ የምታውቀው ያው ገጽ ቅድም ሠርቶ አሁን እምቢ ማለቱን ነው። አራት ቡድን አራት ኮንፊግ መያዙን ማን ይነግራታል? ሥራዋን ዘግታ ቢሮ ድረስ ትሄዳለች።

መፍትሔው ኮንፊጉን ኮፒ ማድረግን ትቶ ማከፋፈል ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሲንግል ስፓ የተባለው የማይክሮ ፍሮንትኤንድ መሣሪያ ነው። አዘጋጆቹ ለተጠቃሚዎቻቸው የዌብፓክ ዲፎልት ኮንፊግ፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀ መነሻ፣ በፓኬጅ መልክ ያቀርባሉ። ፓኬጁ ውስጥ ያለው አንድ ፈንክሽን ነው፤ ሁለት ዋና ነገር ይጠይቃል፣ የድርጅቱን ስምና የፕሮጀክቱን ስም። እነሱን ሲቀበል የተሟላ ኮንፊግ ይመልሳል። መነሻ ፋይሉን ከሁለቱ ስሞች ያውቃል፤ የሚወጣውንም ፋይል በእነሱ ይሰይማል። ውጤቱን ሲስተም ጄኤስ በሚባለው ቅርጽ ሊያወጣው ይችላል፤ ይህም ቁራጮቹን ሁሉ የሚያቅፈው ገጽ እያንዳንዱን ቁራጭ በስሙ ጠርቶ እንዲጭነው ያስችላል። የድርጅቱን ስም ይዞ የሚጠራውን ሌላ ቁራጭ ሁሉ «ይህ ከውጭ ይመጣል፣ አትጠቅልለው» ብሎ ያልፈዋል። ልማት ላይ ሳሉ የአንድ ቁራጭ ሰርቨር ለሌላ አድራሻ ፋይል እንዲሰጥ ፈቃዱን ይጽፋል። ይህችን የመጨረሻዋን ሳያውቅ ግማሽ ቀን ያላባከነ የማይክሮ ፍሮንትኤንድ ጀማሪ አላውቅም።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሌላ ንብርብር አለ። ሪአክት የተባለውን የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ ለሚጠቀሙ ፕሮጀክቶች የተዘጋጀው ፓኬጅ የመጀመሪያውን ወስዶ ሪአክትን የሚመለከተውን ብቻ ይጨምርበታል። የእኛም ከተማ በእነዚህ ላይ የራሷን ሦስተኛ ንብርብር ልታኖር ትችላለች፦ የምንደግፋቸው ብራውዘሮች እነዚህ ናቸው፣ የፊደላችን ፎንት ፋይል እንዲህ ይያዛል። ከዚያ በላይ የውሃው ፕሮጀክት ይቀመጣል።

ንብርብሮቹ እንዴት እንደሚዋሃዱ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዌብፓክ ሁለት ኮንፊጎችን የሚያዋህድበት መርጃ አለው። በነጠላ ዋጋ የተጻፈ ነገር ሲሆን የኋላው የፊቱን ይተካል፤ ዲፎልቱ የሰርቨሩን ቁጥር 8080 ቢል ፕሮጀክቱም 8081 ቢል 8081 ያሸንፋል። በዝርዝር የተጻፈ ሲሆን ግን የኋላው የፊቱን አይተካም፤ ከሥሩ ይጨመራል። የውሃው ቡድን «ምስል እንዲህ ይያዝ» የሚል ደንብ ቢጽፍ የዲፎልቱ ደንብ የጠፋ ሊመስለው ይችላል፤ አልጠፋም። አንዱ ምስል ሁለቴ ይሠራበትና የተበላሸ ፋይል ይወጣል። ስለዚህ ዲፎልት የሚያዘጋጅ ሰው ዝርዝሮቹን አጭር ማድረግ አለበት። የማይጨቃጨቁበትን ብቻ ያስገባ።

ታዲያ ዲፎልቱ ውስጥ ምን ይግባ? ወደ ሐዲዱ እንመለስ። መግባት ያለበት ቁራጮቹ የሚገናኙበት ነገር ነው። ከሁሉ ግልጹ ሪአክት ራሱ ነው። ከየካቲት 2019 ወዲህ ሪአክት ሁክ የሚባል አጻጻፍ አለው፤ ይህ አጻጻፍ የሚሠራው ቁራጩን የሚጽፈው ሪአክትና ወደ ስክሪን የሚያወጣው ሪአክት አንድ ቅጂ ሲሆኑ ነው። የውሃው ፕሮጀክት «ሪአክት ከውጭ ይመጣል» ቢል፣ የንግድ ፈቃዱ ግን የራሱን ቅጂ ጠቅልሎ ቢመጣ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሪአክት ይኖራሉ። ለየብቻ ቆመው ችግር የለም፤ ነዋሪው ግን ከአንድ መቶ ኪሎ ባይት በላይ የሆነ ፋይል በራሱ የሞባይል ዳታ ሁለቴ ያወርዳል። የውሃው ቡድን የሠራውን የመክፈያ ሳጥን የንግድ ፈቃዱ ሊጠቀምበት ሲል ደግሞ ሁኩ የማያውቀው ሪአክት ውስጥ ይነቃና ሳጥኑ በስህተት ይወድቃል። ኮዱ ላይ አንድም ስህተት የለም። ስህተቱ ኮንፊጉ ላይ የጎደለች አንዲት መስመር ናት።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ የግድ መለያየት ያለበት ነገር፣ ከዚህ ጋር የሚቃረን ይመስላል፤ እኔን ያስተማረኝ ደግሞ አንድ ሌሊት ነው። ሁለት ትንንሽ ፕሮጀክቶች ነበሩኝ፣ አራተኛው ቨርዥን ዌብፓክ ላይ የተሠሩ፤ ሁለተኛውን የጀመርኩት የመጀመሪያውን ፎልደር በሙሉ ኮፒ አድርጌ ነው። ለየብቻቸው ሲከፈቱ ጤነኞች ናቸው። በአንድ ገጽ ላይ ሳደርጋቸው አንዱን ቁልፍ ስነካ የሌላው ፕሮጀክት ኮድ ሊከፈት ይሞክራል። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ የራሴን ኮድ መስመር በመስመር አነበብኩ። ነገሩ እዚያ አልነበረም። ዌብፓክ ቁራጭ ፋይሎቹን ዘግይቶ ሲያመጣ ብራውዘሩ ውስጥ በአንድ ስም የሚጠራ ሰልፍ ላይ ያሰልፋቸዋል። አራተኛው ቨርዥን ካልተነገረው በስተቀር ለሁሉም ፕሮጀክት አንድ ስም ይሰጣል። ሁለቱ ፕሮጀክቶቼ አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው፣ ሁለቱም «ቁጥር 3» የሚባል ፋይል ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር 3 ይወስድ ነበር።

በጥቅምት 2020 የወጣው አምስተኛው ቨርዥን ስሙን ከፕሮጀክቱ መታወቂያ ፋይል ይወስዳል፤ ታላቅ እፎይታ ነው። ሆኖም የመታወቂያ ፋይሉንም ስሙን ሳይቀይር ኮፒ ያደረገ ሰው እዚያው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። የሲንግል ስፓ ዲፎልት የፕሮጀክቱን ስም በግድ የሚጠይቀውና ለሰልፉም ያንኑ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ምድር ባቡርም ይህን ያውቀዋል፤ የፉርጎዎቹ መንኮራኩር አንድ ልክ ነው፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የብቻው ነው። ሁለት ፉርጎ አንድ ቁጥር ቢይዙ ጅቡቲ የደረሰው ቡና የማን እንደሆነ አይታወቅም። ኮፒ ማድረግ አንድ መሆን ያለበትንም የግድ መለያየት ያለበትንም አብሮ ይገለብጣል። ፈንክሽን ግን የመጀመሪያውን ራሱ ይዞ ሁለተኛውን ይጠይቃል። ኮንፊጉ ፈንክሽን ሆኖ መሠራቱ እጅግ የሚያስደስተኝ ለዚህ ነው።

ኮንፊጉን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ግን የራሱ አደጋ አለው። ጋራዡ ውስጥ የተሳሳተ መለኪያ ካለ ከጋራዡ የሚወጣው ሁሉ የተሳሳተ ነው። ለዚህ የተለመደው መከላከያ ቨርዥን ነው፤ ፓኬጁ በነጥብ የተለዩ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል፣ አሠራር የሚያፈርስ ለውጥ ሲመጣ የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ይላል፣ እያንዳንዱ ቡድንም በፈለገበት ሳምንት ይሻገራል። በግድ የሚጎትተው የለም። ግን ማንም ሳይሻገር ሦስት ዓመት ከቆየ ወደ አራቱ ኮፒዎች ተመልሰናል፤ ስለዚህ ባለቤት ያስፈልገዋል። የሁሉም የሆነ ኮንፊግ የማንም እንዳይሆን አንድ ወይም ሁለት ሰው በስሙ ሊጠየቅበት ይገባል። ይህን ሥራ ለአዲስ ተቀጣሪ ጥሎ መሄድ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ከቡድኑ ሁሉ ልምድ ላለው ሰው ነው የምሰጠው።

ሌላው አደጋ ዲፎልቱ በሩን ሲዘጋ ነው። ፌስቡክ በ2016 ክረምት ያወጣው ክሪኤት ሪአክት አፕ የተባለ መሣሪያ ኮንፊጉን በሙሉ ደብቆ ያዘ፤ ለጀማሪ ትልቅ በረከት ነበር። አንዲት መስመር መቀየር ለፈለገ ግን የተዘጋጀለት መውጫ ኢጀክት የሚባል ትእዛዝ ነው፤ የተደበቀውን ኮንፊግ ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ዘርግፎ ይሄዳል፣ መመለሻ የለውም። ለአንዲት መስመር ሲባል መቶዎቹን ወርሶ መኖር ነው። መሣሪያው በየካቲት 2025 ለአዲስ ፕሮጀክት አይመከርም ተብሏል። የሲንግል ስፓው ግን የሚመልሰው ተራ ኮንፊግ ስለሆነ ፕሮጀክቱ ከላዩ የፈለገውን ያዋህዳል። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ የማክለው አለኝ። በመጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ፓኬጅ ባለቤቷ ኤንፒኤም ከተባለው የፓኬጆች ማከማቻ ሲያነሳት በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ቢልድ ማድረግ አቃታቸው። እኛ ዘንድ ፓኬጁ ሳይነሳ የኢንተርኔት መስመሩ ብቻ ሲቋረጥ ውጤቱ ያው ነው። አንድ ዲፎልት ኮንፊግ አንድ ፓኬጅ ቢመስልም ከኋላው መቶዎች ይጎትታል። ቨርዥኖቹን የሚቆልፈው ፋይል ከኮዱ ጋር ይቀመጥ፤ ቢሮው ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ የፓኬጆቹ ቅጂ ይኑር። አራቱ ቡድኖች አንድ ዲፎልት ሲጠቀሙ የሚያወርዱት አንድ ዓይነት ስለሚሆን አንዱ ያወረደው ለአራቱም ይበቃል፤ አራት ዓይነት ኮንፊግ ካላቸው ግን አራት ጊዜ ነው።

ሁለት ፕሮጀክት ብቻ ላለው ቡድን ይህን ሁሉ አልመክርም። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ያሉትን ኮንፊጎች በሙሉ አትሜ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እዘረጋለሁ፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ እይዛለሁ። ቁራጮቹ የሚገናኙበትን መስመር በቀይ፣ ለየፕሮጀክቱ መለየት ያለበትን በሰማያዊ፣ ማንም ለምን እንደገባ የማያውቀውን በእርሳስ ቀለም። በእርሳስ ቀለም የሚቀባው ሁልጊዜ ከጠበቅኩት ይበዛል። ከእነሱ አንድ በአንድ አጥፍቼ ቢልድ አደርጋለሁ፤ ገጹን በአዲስ ስልክም በቆየ ስልክም እከፍታለሁ፤ ምንም ካልጎደለ መስመሩ እንደጠፋ ይቀራል። ቀዩ ወደ ፓኬጁ ይሄዳል።

በመጨረሻ በውሃው ፕሮጀክት ኮንፊግ ውስጥ የሚቀረው የከተማው የጋራ ፓኬጅ የተጠራበት መስመር፣ የድርጅቱ ስም፣ የራሱ ስም፣ እንዲሁም ነዋሪው የተሰበረ ቧንቧ የሚጠቁምበትን ካርታ ፋይል የምታነብ አንዲት ደንብ ናት። አዲስ የመጣ ልጅ ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው የውሃው ቡድን ከሌሎቹ የሚለየው በካርታ መሆኑን ነው።